አርባ አንደኛዋ ቤት

ጥቅምት 3

ለተከበርከው ወንድም ጋሼ፣ ለአዋጅ ረቂቅ ጸሐፊው፣ ለማኅተም አሳዳሪው፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ ከገዛ ጉልበቱ ጋር ብቻ ተጣልቷል። አክስታችንም ደህና ናት፤ የስፌት መኪናዋ እንደ እሷው ሲያስነጥስ ይውላል። እኔን ካልከኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የተለየሁት ትምህርት እስካሁን አልናፈቀኝም። እሱም የናፈቅኩት አይመስለኝም።

መልሱ የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ግን ጥያቄህም በዛ። ድሮ ስትጽፍ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ላሟ ወለደች ወይ ነበር የምትለው። አሁን የቆጠራ ሠራተኛ ሆነህብኛል። እሺ፣ በየተራ ልመልስልህ።

አዎ፣ አባባ የቦሎቄውን ዘር አሁንም ራሱ ነው የሚያወጣው። ከማሳው የበረታውን ተክል እየመረጠ ቀይ ክር ያስርበታል። ቀይ ክር ያለበትን ማንም አይለቅመውም፤ ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ እዚያው ይቆማል። ባለፈው ዓመት አንዱን ክር ፈትቼ የጎረቤታችን በግ አንገት ላይ አሰርኩትና አባባ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በጉ ግን ኩራቱ ሌላ ነበር።

አዎ፣ ከአመድ ጋር አሽቶ ነው የሚያስቀምጠው። አዎ፣ ያው ቀይ ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ ያው አልጋ ሥር።

ስንት ቤት ዘር ይወስዳል ላልከው፣ አርባ አንድ። በጣቴ ቆጥሬ፣ የእኔ ሲያልቅ በአባባ ጣት ቀጥዬ ነው ያገኘሁት። አንድ ጣሳ ይወስዳሉ፣ ምርት ሲገባ አንድ ጣሳ ከነቁልሉ ይመልሳሉ። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። ቁልሉ ዝቅ ካለ አባባ ሰውየውን ቀና ብሎ ያየዋል፤ በቃ፣ ቅጣቱ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ። ይሄ ሁሉ ለምንህ ነው? ሥራህ የተሰጠህን መተየብ መስሎኝ። አዲስ ቤት ተሰጠኝ ያልከውስ፣ ማን ሰጠህ? ፎቶህ ደርሶናል፤ አባባ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል። እኔ ያየሁት ግን ጫማህን ነው። እውነት ንገረኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጢምህን የምትላጨው በእሱ እያየህ ነው?

አንተ ያወጣህላት ስም አልለቅ ያላት፣
መርፌ


ኅዳር 12

ወንድም ጋሼ፣

አዲሱ ቤትህ ለቢሮህ ቅርብ መሆኑ፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ መዞሩ፣ ውሃው አለመቋረጡ ደስ ብሎናል። ቤቱን ማን እንደሰጠህም ጠይቄህ ነበር። እዚያች ጋ ስትደርስ ብዕርህ ቀለም ጨረሰ መሰለኝ።

እኛ ጋ እንግዳ መጥቶ ነበር። ሽቶ ተቀብቶ ማሳ የገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ንቦቹ የአጥሩን አበባ ትተው እሱን ተከተሉት። ስሙን ነግሮናል፤ እኔ ግን ሽቶው ብዬዋለሁ። "ከገበሬ ወዳጆች ማኅበር ነው የመጣሁት" አለ።

አባባ "ገበሬ ነህ?" አለው።

"ወዳጅ ነኝ።"

"ከማኅበሩ ውስጥ ገበሬ የሆነ አለ?"

"ሁላችንም ወዳጆች ነን አባቴ" ብሎ ንብ አባረረ።

በታሸገ ወረቀት ዘር አመጣልን። ወረቀቱ ላይም ኮፍያው ላይም አንድ ምልክት አለ፣ መዳፍ ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ ቅጠል። ዘሩን በየዓመቱ ከእነሱ እንገዛለን፣ ከምርቱ ለዘር ማስቀረት አይፈቀድም አለን። ከዚያ ቤት ገብቶ ለስለስ ባለ ድምፅ ምን አለ መሰለህ? "እርስዎ ለአርባ አንድ አባወራ ያልተመዘገበ ዘር ያከፋፍላሉ። የዘር አዋጁ ሲወጣ በአንቀጽ ዘጠኝ ያስጠይቅዎታል፤ ዘሩም ይወረሳል።" ይህን ሲል ዓይኑ አልጋው ሥር ነበር።

 ሰውየው ከሄደ በኋላ አባባ ቆርቆሮውን አውጥቶ ክዳኑን በሸሚዙ ጠርጎ መለሰው።  ዘሩ ከተወሰደበት ምን ቀረው? ጉልበቱ እንደሆነ ቀድሞ ጥሎት ሄዷል።

እና ወንድም ጋሼ፣ አርባ አንድ ብዬህ አልነበር? ዋሽቼሃለሁ። አርባ ነው። በዛ እንዲል አክስታችንን ጨምሬያት ነው። እሷ ደግሞ የእግር መርገጫ መሬት የላትም። የምትዘራው ቁልፍ ነው፣ ያውም ሸሚዝ ላይ። ይህን ቁጥር በዓለም ላይ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሽቶው ከየት አገኘው?

ደግሞ ፎቶህን ከአባባ ኪስ ሰርቄ እንደገና አየሁት። ከኋላህ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ አለ። አክስታችንም መነጽሯን አድርጋ አየችልኝ። መዳፍ ነው፤ መዳፉ ላይ ቅጠል።

መርፌ


ኅዳር 27

ለእህቴ ለመርፌ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ። የኅዳር 12 ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የቀን መቁጠሪያው በየቢሮው በነጻ የሚታደል ነው፤ አዋጁን የሚመለከተው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋም አለ፣ ዘበኛው ጋም አለ። ስለ ቁጥሩ የማውቀው ነገር የለም። ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል ሲባል እሰማለሁ። ይሁን እንጂ በስልክ ከማውራት ይህ ይሻላል፤ ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ስስ ነው።

የአዋጅ ረቂቅ ጸሐፊው ላልሽኝ፣ ረቂቁን የምጽፈው እኔ አይደለሁም። ማኅበሩ ጽፎ ያመጣዋል። እኔ የቢሮውን ስም በራስጌው አድርጌ መልሼ እተይበዋለሁ። ሰብሳቢው ያነበዋል፣ ወይም አንብቤዋለሁ ይላል። ከገበሬ በኩል የመጣ ወረቀት እስካሁን በጠረጴዛዬ አላለፈም። ይህን ለማንም አታውሪ።

አባባን አታስፈራሪው። አንቀጽ ዘጠኝ ገና አልጸደቀም። ከኮሚቴው ውስጥ "ያልተመዘገበ ዘር ማንን ጎዳ?" ብለው የሚከራከሩ ስላሉ፣ ማኅበሩ የሚያቀርበው ማስረጃ እየፈለገ ነው። እስካሁን አላገኘም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ማሳው ላይ የታመመ ነገር ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ። ስለምሰጋላችሁ ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

ወንድም ጋሼ፣

ዛሬ ቀልድ የለም።

የፈራኸው ደርሷል። በመስኖ ከዘራነው ውስጥ ቀይ ክር ካሰርንባቸው ተክሎች ላይ ነው የጀመረው። የቅጠሉ ዳር ዙሪያውን ጥርስ ያወጣል፣ ከዚያ ይጠወልጋል። ከሩቅ ሲያዩት የሚስቅ አፍ ይመስላል። ስም ስለሌለው ሳቂታ ብዬዋለሁ።

አንዱን ቅጠል አድርቄ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ልኬልሃለሁ። ቀስ ብለህ ያዘው፣ ይፈረፈራል።

አባባ አላየውም፤ ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም። ለእሱም ለአክስታችንም አልነገርኩም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት።

እህትህ


ታኅሣሥ 22

ለእህቴ፣

ቅጠሉ ሳይፈረፈር ደርሶኛል። ስንት ተክል እንደተያዘ አልነገርሽኝም፤ ብቻ ከሌላው እንዳይደርስ በዚያ በኩል ማንም አይለፍ። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ መድኃኒት እልካለሁ። እስከዚያው አፍሽን ያዢ።

ስለ ጫማዬ አንድም ቃል አልጻፍሽም። ደህና አይደለሽም ማለት ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 5

ለክቡርነትዎ፣

እርስዎ እንደምን አሉ? ጫማዎ እንደምን አለ? መድኃኒት እልካለሁ ብለው ነበር። የደረሰን ሬዲዮ ነው።

አክስታችን ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ "ሳቂታ የተባለ አደገኛ የቦሎቄ በሽታ ባልተመዘገበ ዘር አማካይነት በአርባ አንድ አባወራ ማሳ ላይ መዛመቱን የገበሬ ወዳጆች ማኅበር ጥናት አረጋገጠ" አለ። አክስታችን መኪናዋን አቆመች። እኔን አየች። ቀጥሎ መቀሷን አየች።

ምክንያቱም ክቡር ሆይ፣ ሳቂታ በሽታ አይደለም። ሳቂታ የአክስታችን መቀስ ነው። ያ ጨርቅ እንዳይተረተር ዳሩን ጥርስ ጥርስ እያደረገ የሚቆርጠው፣ በልጅነትዎ ወረቀት ቆርጠውበት በጥፊ የተመቱበት። አንድ ጥርሱ የተሸረፈው ያኔ ነው። ደህና ቅጠል ወስጄ ዙሪያውን ቆረጥኩ፣ ዳሩን በሻይ አቀለምኩ፣ በሒሳብ ደብተሬ መሐል አደረቅኩ። ደብተሩ ከተገዛ ጀምሮ የሠራው ሥራ ይህ ብቻ ነው። እርስዎ ማሳ ላይ አድገው የመቀስ ቁራጭ በሽታ ከመሰለዎት፣ እጅዎ ወረቀት ለምዶ ቅጠል ረስቷል።

ለእርስዎ ነበር ያጠመድኩት። ያዝኩም። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ግን ወጥመዱን አባባም ረገጠው። ዜናው በተነገረ በማግስቱ ለመዝሪያ የወሰዱትን ዘር ሦስት ሰዎች መለሱ። አንዱ ጣሳውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ሄደ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሃያ ሁለት ደረሱ። አባባ ማሳው ውስጥ ተንበርክኮ ቅጠል በቅጠል እያገላበጠ የሌለ በሽታ ይፈልጋል። "የት ጋ ነው ያዩት?" ይለኛል። ከእኔ ቀልድ የሚያመልጠው አልነበረም። አሁን ከጎኑ ተንበርክኬ አብሬው አገላብጣለሁ።

ኮሚቴው መጋቢት 8 ከተማችን አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ አወያያለሁ ብሏል። መቀሱን ይዤ እመጣለሁ። ቅጠሉን ለማን ላክሽ ብለው የጠየቁኝ እንደሆነ ምን እንደምል አላውቅም። እርስዎ ካወቁ ይጻፉልኝ።

መርፌ


የካቲት 19

ለእህቴ፣

"እርስዎ" ያልሽኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፣ ይቅርታ።

ቅጠሉን ለማኅበሩ ባለሙያ ሰጥቻለሁ። አባባን አስቤ መድኃኒቱን እንዲነግረኝ ብዬ ነው። ይህ እውነት ነው። አርባ አንዱን የሰጠሁት ግን ለመድኃኒት አይደለም። ይህም እውነት ነው። ቤቱን ማን እንደሰጠኝ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል፤ እንግዲህ ተመለሰልሽ።

"እንዲያው ለግንዛቤ ያህል ነው" ነበር የማኅበሩ ሰዎች ያሉኝ። ስንት ሰው፣ የት አካባቢ፣ በምን ያስቀምጣሉ። ወሬ መስሎኝ ነበር ብልሽ አታምኚኝም፤ እኔም አላምንም። አንቀጽ ዘጠኝን አራት ጊዜ ተይቤዋለሁ። "ይወረሳል" የምትለው ቃል ላይ ስደርስ በየጊዜው ባለ ቀይ ክዳኑ ቆርቆሮ ይታየኝ ነበር። በየጊዜው ቀጣዩን መስመር እጀምራለሁ።

አትምጪ ብዬ ለመጻፍ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። አልጽፈውም። ከመጣሽ ግን ከሰብሳቢው በስተግራ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው እኔ መሆኔን እወቂ። ከዚህ ሥራ ሌላ የምችለው የለኝም። ይህንንም እወቂ።

ለአባባ ሰላም በይልኝ አልልሽም።

ወንድምሽ


መጋቢት 27

ወንድም ጋሼ፣

ከሥራ መሰናበትህን ከአንተ በፊት አክስታችን ሰምታለች፤ ከማን እንደምትሰማ አትጠይቀኝ፣ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቱንም ልቀቅ እንዳሉህ ጽፈሃል። የቀን መቁጠሪያውን ግን ይዘኸው ውጣ፣ በጀርባው እንጽፍበታለን።

አዳራሽ ውስጥ የሆነውን አልደግምልህም፤ ቃለ ጉባኤው በእጅህ ነበር። ያላየኸውን ልንገርህ።

ለአባባ የነገርኩት ወደዚያ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከጎኔ ነበርና ሸሽቶ የሚሄድበት የለም ብዬ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማ።  ከዚያ "በምንድነው ያቀለምሽው?" አለኝ።

"በሻይ።"

"ስኳር ነበረው?"

"አልነበረውም።"

"ጎሽ፣ ስኳር ቢኖረው ጉንዳን ይበላው ነበር" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀ ይሁን ሌላ፣ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን ፈትሾ መቀሱን አወጣ። "ይሄ ምንድነው?" አለኝ። "ማስረጃ" አልኩት። "ማስረጃ ወረቀት ነው" ብሎ ሊወስደው ሲል አክስታችን "ልጄ፣ ሱሪህ ከኋላ ተተርትሯል፣ ክሩን ልቁረጥልህ?" አለችው። እሱ ኋላውን ሲፈልግ እኛ መቀሱን ይዘን ገባን። ሱሪው ምንም አልሆነም ነበር።

የማኅበሩ ባለሙያ የቅጠሌን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲያበራ ቅጠሉ የበር ያህል ሆነ። ያን ጊዜ ነው የተሸረፈውን ጥርስ ያየሁት። በየተወሰነው ርቀት አንድ ጥርስ ይዘላል፣ ልክ እንደ አክስታችን የቀሚስ ዘርፍ። ለዚህ ነው ትኩስ ቅጠል በዚያው መቀስ ቆርጬ ከግድግዳው ጎን ሳቆመው ሽማግሌዎቹ ቀድመው የሳቁት። ግማሾቹ እሷ የሰፋችላቸውን ለብሰው ነበር።

አባባ ስለ አንተ ምን ይላል ብለህ ጠይቀሃል። አባባ የሚለው፣ ሰብሳቢው "ለማን ነው የላክሽው?" ብሎ ሳይጨርስ አንተ ብዕሩን አስቀምጠህ ለእኔ ነው ብለህ እጅህን አነሳህ ነው። አክስታችን ደግሞ ሽቶው ዞሮ አፈጠጠብህ፣ እጅህ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው ትላለች። በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ቅጠል እየቆረጥኩ ነበር፣ አላየሁም። ብዙ ቀን ሳስበው፣ ባላይ ይሻላል ያልኩበት ቀን አለ፤ ለምን አላየሁም ያልኩበትም አለ።

አንቀጽ ዘጠኝ "ለተጨማሪ ጥናት ይቆይ" ተባለ እንጂ አልወጣም። አንተ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደተየብከው ታውቃለህ። ከመለሱት ሃያ ሁለት ቤቶች ሃያው ዘራቸውን ተመልሰው ወስደዋል። ሁለቱ ግን እስካሁን ቅጠላቸውን ያገላብጣሉ። ሄጄ መቀሱን ባሳያቸውም "ያንቺው ቀልድ ይሁን፣ ግን ሬዲዮው ዝም ብሎ አያወራም" አሉኝ። እነሱ ጋ ሳቂታ በእውነት ገብቷል፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ይስቁልኛል።

ሽቶውም ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። አዲስ ኮፍያ፣ አዲስ ምልክት፤ አሁን ከጤናማ ማሳ ማኅበር ነኝ ይላል፣ ከዚያ በፊት አይቶን እንደማያውቅ ሁሉ። ሽቶው ግን ያው ነው። ንቦቹ አወቁት።

ስለዚህ አባባ ዘሩን ከአልጋው ሥር አንስቶታል። ያለው አክስታችን ስፌት ቤት ነው፣ ከመስኮቱ በታች ባለው ትልቁ የቁልፍ ሳጥን ውስጥ፣ ነጩ ቦሎቄ ከነጩ ቁልፍ ጋር ተደባልቆ። የቀድሞውን ቆጠራዬንም አርምልኝ፤ አርባ አንድ ቤት ያልኩህ፣ የአክስታችን ቤት ዘር ስለገባባት አሁን እውነት ሆነ።

ይህን ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ብዬህ ነበር፣ አልረሳኸውም።

ልምጣ ወይ ብለሃል። ና። የመዝሪያው ጊዜ ሁለት ወር አልቀረውም፤ ከዚያ በፊት ቁጭ ብሎ ቦሎቄውን ከቁልፉ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል፣ የአባባ ዓይን አልቻለውም። ጫማህን ግን ከከተማው ሳትወጣ አውልቅ፣ በጎቹ ይስቁብሃል።

አንተ ቀድመህ ከደረስክ ከእኛ ጋር ትዘራለህ። ሽቶው ቀድሞህ ያን ሳጥን ካወቀው ግን፣ ወንድም ጋሼ፣ አክስታችን ቦሎቄውን ለይታ ሳጥኑን ትሰጠዋለች። ሄዶ ቁልፍ ይዝራ።

መርፌህ